እትዬ አትጠገብና ለቅሶ የማታልፈው በቅሎ

እትዬ አትጠገብ ማረፋቸውን የሰማሁት በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ገበያ መሐል፣ የአንዲት ባዝራ ፈረስ አፍ ከፍቼ ጥርሷን ስመለከት ነው። ከወገዳ እህል ጭኖ የመጣ አንድ የስማዳ ሰው አወቀኝና አጠገቤ ቆመ። «እንግዲህ አንቺ ቤተኛ ነሽ፤ ሳትሰሚ ብትቀሪ ኋላ እኔን ትታዘቢኛለሽ። እትዬ አትጠገብ አርፈዋል። ቀብረናቸው ነው የተነሣሁት» አለኝ።

የባዝራዋን አፍ ለቀቅሁት። ባለቤቷ፣ «ምነው፣ ጥርሷን አልወደድሽውም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥርሷ ደህና ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን እገዛት ነበር። ወደ ቤቴ ሄድኩና ዳማ ላይ ኮርቻ ጫንኩ። ቀብሩ አምልጦኛል፤ ለሰልስታቸው ግን መድረስ እችላለሁ።

ዳማ በመልኳ ስሟን ያገኘች፣ ያረጀች በቅሎ ናት። ለረጅም መንገድ የምትመረጥ አይደለችም፤ በረቴ ውስጥ ከእሷ የሚሻሉ ወጣት በቅሎዎች ነበሩ። ነገር ግን ወደ እትዬ አትጠገብ ለቅሶ በሌላ በቅሎ መሄድ አልሆነልኝም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከሴትዮዋ መጀመር አለብኝ።

እትዬ አትጠገብ የበቅሎና የፈረስ ነጋዴ ነበሩ። ሴት ዶሮና ቅቤ፣ ቢበዛ ፍየል በምትሸጥበት አገር እሳቸው ከስማዳ ጋይንት፣ ከጋይንት እስቴ በቅሎ እየነዱ ይነግዱ ነበር። አባታቸው የአንድ ደጃዝማች ባልደራስ፣ ማለትም የጌታቸውን ፈረሶች የሚያስቀልቡና የሚያስገሩ ሹም ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው የሚያውቁትን ሁሉ ለሴት ልጃቸው አስተማሩ። ሰው በዚህ ሲያማቸው፣ «ፈረስ የያዘውን እጅ እንጂ የለበሰውን ልብስ አይጠይቅም» ይሉ ነበር አሉ።

አጭር፣ ጠይም፣ ትከሻቸው የሰፋ ሴት ነበሩ። ከእጃቸው አለንጋ አይለይም፤ ሲገርፉበት ግን አንድም ቀን አላየሁም። አለንጋው ማመልከቻቸው ነበር፤ የሚነሣውን ኮቴም፣ የሚጠራውን ሰውም በእሱ ያሳያሉ። ሰው ሰላም ሲሉ መጀመሪያ እግሩን ያያሉ፣ ቀጥለው አቋቋሙን፣ ፊቱን የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው። ከልጆች ጤና በፊት የከብት ጤና ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም የመጡ መሪጌታ፣ የበቅሏቸው ደህንነት ብቻ ሲጠየቅ ጊዜ ቅር ብሏቸው፣ «እኔስ ደህና መሆኔን አትጠይቁኝም?» ቢሏቸው፣ «እርስዎማ ይናገራሉ አባቴ፤ ቢያምዎ እንሰማለን። የማትናገረዋ በቅሎዋ ናት» አሏቸው።

ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን ዓመል በመናገር ነው። ሌላው ነጋዴ የከብቱን ዓመል ሲደብቅ፣ እሳቸው ገዥው ሳይጠይቃቸው፣ ገበያው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገሩታል። «ይቺ ውኃ ስትሻገር ትተኛለች!» «ይኼ ኸኋላው ሰው ሲመጣበት ይራገጣል!» መጀመሪያ ሰዉ ይስቅባቸው ነበር። ሲውል ሲያድር ግን የሚስቀው ሁሉ በቅሎ ሲያስፈልገው እሳቸው ዘንድ መምጣት ጀመረ። «ገበያ የደበቀውን መንገድ ያወጣዋል። መንገድ ላይ ኸሚሰድቡኝ ገበያ ላይ ይሳቁብኝ» ይሉ ነበር።

እኔ ያወቅኋቸው በሠርጌ ምክንያት ነው። ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው አገሩ ጥቂት ጸጥ ባለበት ዘመን፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ከወገዳ አጠገብ ካለው የወላጆቼ መንደር ወደ እስቴ በኩል ተዳርሁ። የባሌ ወገኖች ሙሽሪት የምትቀመጥባትን በቅሎ ከእትዬ አትጠገብ ገዙ።

የሙሽራ በቅሎ እንዲሁ የምትገኝ አይደለችም። ተኩስ፣ ከበሮ፣ እልልታ፣ የሚውለበለብ ጃንጥላ ቢያስደነግጣት ሙሽራዋን ይዛ ገደል ትገባለች። እትዬ አትጠገብ ስለዚህ ለሠርግ የምትሸጥ በቅሎን በግቢያቸው ይፈትኑ ነበር። ጎረቤት ሰብስበው ያስጨፍራሉ፣ ከበሮ ያስመታሉ፣ ጠመንጃ ያስተኩሳሉ፣ ጃንጥላ ከአፍንጫዋ ሥር በድንገት ይዘረጋሉ። ዳማ ይኼ ሁሉ ሲደረግ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። «እንዲህ ያለች በቅሎ በዕድሜዬ አልገጠመችኝም። ዓመል የላትም» ብለው ሸጧት። በዕድሜያቸው ዓመል የላትም ብለው የሸጧት በቅሎ እሷ ብቻ ናት።

ጉዞው መልካም ነበር። እኔ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ፣ አንደኛው ሚዜ ከኋላዬ ተፈናጥጦ ይዞኛል፣ አጃቢው እየዘፈነ ይሄዳል። መንገዳችን አጋማሽ ላይ፣ ከአንድ መንደር በላይ ስንደርስ ከታች ለቅሶ ተሰማ። ሙሽራና ለቅሶ እንዲገናኙ ማንም አይፈልግም። ሽማግሌዎቹ ዘፈኑን አስቁመው በላይ በኩል እንዙር አሉ። ሁሉም ዞረ፤ ዳማ አልዞረችም። ጆሮዎቿን ቀጥ አድርጋ ቁልቁል ወረደች። ሚዜው ልጓሙን ይጎትታል፣ እኔ ኮርቻውን ጨብጬ ማርያም ማርያም እላለሁ። ሩጫ እንኳ አልነበረም፤ እንደሚጠበቅ እንግዳ እየሰገረች ሄዳ፣ ለቀስተኛውን መሐል ለመሐል ሰንጥቃ አጥሩ ጥግ ቆመችና መሬቱን ታሸት ጀመር። ለቅሶው ቀጥ አለ። ከል የለበሱት ሴቶች እኔንና ጥልፍ ቀሚሴን ያያሉ። አንዲት አሮጊት፣ «ኧረ ጉድ! ኧረ ሙሽራ ለቅሶ ገባች!» ብለው ጮኹ።

ሠርጉ ቀዘቀዘ። የባሌ አባት አቶ ደምሌ ያን ቀን እንግዳቸውን ሲያስተናግዱ ዋሉ። በሳምንቱ ግን አንድ የእርሻ በሬያቸው ገደል ገብቶ ሞተ። ከዚያ ወዲያ አፋቸውን የሚይዝላቸው አልተገኘም። «እግረ ደረቅ ናት» አሉ።

እግረ ደረቅ የተባለች ሴት ነገሯ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በረዶ ቢጥል በእሷ ነው፣ ላም ብትጨነግፍ በእሷ ነው። ለመልስ ወላጆቼ ቤት ስሄድ እዚያው እንድቀር መምከር ያዙ። ባሌ ዓለሙ ደግ ሰው ነው፤ በአባቱ ፊት ግን ድምፁ አይወጣም ነበር። ወላጆቼ ቤት ብመለስ ሌላ የሚያገባኝ እንደማይኖርም አውቃለሁ፤ እግረ ደረቅን ማን ደጁን ያስረግጣታል? ማድቤት እየገባሁ በጭሱ እያመካኘሁ አለቅስ ነበር።

ሽማግሌዎች በእኔ ነገር ሊመክሩ በተቀመጡበት ቀን እትዬ አትጠገብ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ወሬው ወገዳ ደርሶ ሰምተዋል። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ አዳምጣለሁ። ከፈረሳቸው ወርደው እጅ ነሡና፣ «ዓመል ልናገር ነው የመጣሁ» አሉ።

አቶ ደምሌ፣ «የልጅቱን?» አሏቸው።

«የለም፣ የበቅሎዋን። ስሸጥላችሁ ሳልናገር የቀረሁትን።»

ከዚያ ቆመው ተናገሩ። ወሬውን በሰሙ ማግሥት ጋይንት ሄደው በቅሎዋን የሸጠላቸውን ሰው አግኝተውታል። «የአክስቱ በቅሎ ነበረች። አክስቱ አልቃሽ ነበሩ፤ ኸለቅሶ ለቅሶ እየዞሩ ሲያስለቅሱ የኖሩ። ተኩሱንም፣ የቄሶቹን ከበሮም፣ ጃንጥላውንም፣ ጩኸቱንም የለመደችው ሠርግ ላይ አይደለም፣ ለቅሶ ላይ ነው። እኔም ሞኝ፣ ምን ያለች ጨዋ በቅሎ ናት እያልኩ አደነቅሁ! ለቅሶ በተሰማበት ደጅ ሁሉ ገብስ ሲሰጧት ኖሯል። በቅሎ የበላችበትን አትረሳም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የቤቱ የንስሐ አባት መምሬ ካሣ፣ «እርስዎ ሁሉን እየፈተኑ ነው የሚሸጡ ሲባል እንሰማለን። ይኼን እንዴት ሳይፈትኑ ቀሩ?» አሏቸው።

«በምን ልፈትን አባቴ? እልል አስባልኩ፣ አስተኮስኩ፣ አስደለቅሁ። የሞተ ሰው ሳይኖር ዋይ ዋይ በሉልኝ ልበል? ሟርተኛ ናት ብላችሁ ኸደጄ አትደርሱም ነበር!»

እውነት ነው፤ በአገሩ ያለ ሬሳ የሚያለቅስ ሰው አይገኝም፣ ቢገኝም አይፈቀድለትም።

አቶ ደምሌ ግን አልተዋጠላቸውም። በጎልማሳነታቸው በጉግስ የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። «ይኼ የነጋዴ ነገር ነው» አሉ። «ሚዜው ልጅ ነው፣ ልጓም መያዝ አያውቅም። ፈረሰኛ ቢይዛት በቅሎ የት ትሄዳለች? የልጅቱ እግር ነው የጎተታት።»

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» አሉ እትዬ አትጠገብ። «ማዶ ለቅሶ አለ ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁ። ይቀመጡባትና ኸቤቱ በላይ አድርገው ይለፉት።»

ማዶ ያረፉት በዕድሜ የገፉ አሮጊት ነበሩ። ቤቱ ደግሞ በድንበር ምክንያት ከአቶ ደምሌ ጋር የተኳረፈ ቤት ነው። «እዚያ ቤትማ እኔ ብሞትም አልገባ!» ብለው ዳማ ላይ ወጡ።

እኛ ጉብታው ላይ ሆነን አየን። እንደ ጌታ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ወንዙን ተሻገሩ። አዲስ ለቀስተኛ ደርሶ ኖሮ ዋይታው ከፍ አለ። የዳማ ጆሮ ቆመ። አቶ ደምሌ ልጓሙን ሳቡ፤ አንገቷ ተጠምዝዞ አፏ ጉልበታቸውን ነካ። እግሯ ግን ያንኑ እርምጃ አልተወም። ወደ ጎን እያየች ወደፊት ትሰግራለች! አጥሩን አልፋ ገባች። ያ ቤት ሁሉ ብድግ አለ፤ ባላጋራቸው ቂሙን ትቶ ለለቅሶ የመጣ መስሏቸዋል። ምን ያድርጉ? ወረዱ፣ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፣ አለቀሱ።

ሲመለሱ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። በድንበሩ ነገር አልታረቁም፤ ንፍሮውን ግን በልተው ነው የመጡት። እትዬ አትጠገብ አለንጋቸውን ወደ መሬት ቀሰሩና፣ «አቶ ደምሌ፣ እግርዎን እስቲ ልየው?» አሏቸው።

አማቴ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ሳቅ ነው። መምሬ ካሣ ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁ። «በቃ፣ ልጅቱ ትቀመጥ» አሉ አቶ ደምሌ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይቺን ሰይጣን ግን ኸደጄ ውሰዱልኝ።»

እትዬ አትጠገብ ሌላ በቅሎ ሊያመጡና ዳማን ሊመልሱ ተስማሙ። ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሽማግሌ ፊት ቃል ተናግሬ የማላውቅ ሙሽራ ከበሩ ኋላ ወጥቼ፣ «እኔ ኸቀረሁ እሷስ ምን አጠፋች? ትቅርልኝ!» አልኩ።

እትዬ አትጠገብ ወደ እኔ ዞሩ። እግሬን አዩ፣ አቋቋሜን አዩ፣ መጨረሻ ላይ ፊቴን አዩና፣ «ይቺ ልጅ እግሯ ደህና ነው» አሉ። ከስማዳ እስከ እስቴ በእግር ማየት የታወቀ ሰው እንዲህ ካለ ክርክር አይነሣም። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ወዲያ ሥራውን ተማርኩ። ዓለሙ ፈቀደልኝ፤ ባዝራ ማርባት ስንጀምር እትዬ አትጠገብን በየገበያው ተከተልኳቸው። መጀመሪያ ሰሞን የበቅሎ አፍ መክፈት ከለከሉኝ። «ጥርስ ዕድሜዋን እንጂ ኑሮዋን አይነግርሽም። ዝም ብለሽ ቁሚና ስታርፍ እያት» አሉኝ። ቆሜ ሳይ የትኛውን እግሯን እንደምታሳርፍ፣ ባለቤቷ ሲቀርብ አንገቷን ቀና አድርጋ እንደምትሸሽ አየሁ። አንገቷን የምታሸሽ ፊቷን የተመታች ናት። ገጣባን፣ ኮርቻ የቆረጠውን ቁስል፣ ሻጮች በቅቤና በጥላሸት ይሸፍኑታል፤ እሱን በመዳፍ ዳብሶ ማግኘትን አስተማሩኝ። ክረምት ሲገባ መኖ ያጠረበት ሰው የሚሸጠውን ገዝቶ፣ በገብስ ገለባ አክርሞ፣ ከመስከረም ጀምሮ እየገሩ ለጥር ሠርግ ማድረስ ንግዳቸው ነበር። በቅሎ ለማዳቀል ሰው ሁሉ ለድንጉላው አህያ ሲጨነቅ እሳቸው ባዝራዋን ይመርጡ ነበር። «በቅሎ ስለ እናቷ ነው የምታወራ፤ አባቷን ጠይቀሽ መልስ አታገኚም» ይሉ ነበር።

ለሁሉ ሰው ደግሞ አይሸጡም ነበር። አንድ ባለጸጋ ሰው በቅሎ ሊገዛ መጥቶ፣ ልጓም አስተካክለህ አልያዝክም ብሎ አሽከሩን በጥፊ መታው። እትዬ አትጠገብ በቅሎዋን መልሰው አሰሩ። «ምነው፣ ተስማምተን የለም እንዴ?» ሲላቸው፣ «ለእጅህ አልሸጥም» አሉት። ሰውዬው እየተሳደበ ሄደ። እኔ ያን ቀን የተሸጠ ነገር ስላልነበረ ተበሳጭቼ ነበር፤ ዛሬ እኔም የገዥ እጅ አያለሁ።

ከዳማ በኋላ ለሙሽራ የምትሸጥ በቅሎን ሁሉ አስቀድመው ለቅሶ ይወስዷት ጀመር። በወገዳ ዙሪያ ሰው በሞተ ቁጥር እትዬ አትጠገብ ሁለት ሦስት በቅሎ እየሳቡ ከተፍ ይላሉ። ያለቅሳሉም፣ በቅሎዎቹንም በዓይናቸው ጫፍ ያያሉ። መጀመሪያ ሰዉ ታዘባቸው። እያደር ግን በቅሎዎቹን ረሳና፣ «የማንም ለቅሶ የማይቀርባት ሴት» አላቸው። እሳቸው አላስተባበሉም። ኋላማ በቅሎ ሳይዙም ሲሄዱ አይቻለሁ።

ዓመላቸውን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ እሳቸውን መካድ ይሆናል። ቁጡ ነበሩ። ምላሳቸው ሰው ያቆስል ነበር፤ እኔን ስንት ጊዜ ገበያ መሐል እንዳስለቀሱኝ። ማጥፋታቸውን ሳያፍሩ ይናገራሉ፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው አይወጣም። ስለ ሠርጌ አንድም ቀን ይቅር በይኝ ብለውኝ አያውቁም። ነገር ግን ጥር በመጣ ቁጥር፣ እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ ገብቼ ራሴን ችዬ መነገድ ከጀመርኩ በኋላ እንኳ፣ «ለዳማ ነው» እያሉ ገብስ ይልኩ ነበር። ለእኔ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው ከደብረ ታቦር አልፎ አልፎ መኪና መምጣት በጀመረበት ጊዜ ነው። ሊጠይቁኝ መጥተው መኪናውን ዞረው ዞረው አዩና ሹፌሩን፣ «ዓመሉ ምንድን ነው?» አሉት። ሹፌሩ ሳቀ። «መኪና ምን ዓመል አለው እናቴ? ምንም የለውም» አላቸው። «እንግዲያው አልሳፈርም» ብለው በበቅሏቸው ተመለሱ። እሳቸውን አንዴ ያሞኘ ቃል ሁለተኛ አያሞኛቸውም።

ይኼን ሁሉ ዳማ ላይ ሆኜ እያሰብኩ ሄድኩ። ዳገቱ ላይ ከጀርባዋ እየወረድኩ በእግሬ ተከተልኳት፤ እሷም አላፈረችብኝም። ከወገዳ በመለስ እኔ ገና ምንም ሳልሰማ ጆሮዎቿ ቆሙ። ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ለቅሶ በሰማች ቁጥር ልጓሟን ስጎትት ኖሬአለሁ። ያን ቀን ለቀቅሁላት። ያ እርጅና የት እንደገባ እንጃ፣ እየሰገረች ወረደች። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ እትዬ አትጠገብ ያልደረሱለት ቤት ስላልነበረ ያልመጣ ቤት አልነበረም። ዳማ መሐል ለመሐል አልፋ አጥሩ ጥግ ቆመች። ወርጄ አለቀስኩ፣ እናቴን እንደቀበርኩ ሆኜ አለቀስኩ። ቀና ስል አንድ ሰው ገብስ አቅርቦላት ትበላለች።

ኋላ ዳሱ ውስጥ ስቀመጥ ከጎኔ የነበረ አንድ የጋይንት ሰው ዓይኑን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተው። የከብት ነጋዴ ለቅሶ ላይም ነጋዴ ነው። ቀስ ብሎ፣ «ያቺ ዳማ በቅሎ ያንቺ ናት? አርጅታለች፤ አቋቋሟ ግን ልቤን ወሰደው። ዓመል አላት?» አለኝ።

እንደተማርኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አላት!» አልኩት። «ለቅሶ ኸሰማች አታልፍም።»

ሰውዬው ዳሱን ሞልቶ፣ ከዳሱም ተርፎ እስከ አጥሩ የተቀመጠውን ሰው ዞር ብሎ አየና፣

«ይኼማ ምኑ ዓመል ነው እህቴ? እኛንስ ማን ጎትቶ አመጣን?» አለኝ።